ሁሉን ጥለው ደሴት የገቡ ሰዎች

አንዲት ጓደኛ አለችኝ፤ ባንክ ነው የምትሠራው። ወር መጨረሻ ላይ፣ ሒሳብ መዝጊያ ሲደርስ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከቢሮ ትደውልልኛለች። ሰላምታ የለም። «በቃ! ሁሉን ጥዬ ዛንዚባር እገባለሁ» ትለኛለች። «እዚያ ሄደሽ ምን ትሠሪያለሽ?» ስላት መልሷ ዝግጁ ነው። «ኮኮናት እሸጣለሁ። በባዶ እግሬ አሸዋ ላይ እሄዳለሁ። አለቃ የሚባል ፍጡር በዓይኔ አላይም።» በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ታክሲ ተራ ተሰልፋ ትገኛለች።

እየሳቅኩባት እንዳይመስላችሁ። የእኔም ኮምፒውተር ስክሪን ላይ ያለው ፎቶ ምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ ሰማያዊ ባሕር፣ ነጭ አሸዋ፣ ወደ ውኃው ያጎነበሰ አንድ የኮኮናት ዛፍ ነው። ዛፉ የት አገር እንደበቀለ አላውቅም። ሰኞ ጠዋት ግን ከብዙ ዘመዶቼ ይልቅ እሱን ነው የማየው።

ታዲያ በቀደም አንድ ጥያቄ ከነከነኝ። ይህን ነገር በወሬ ሳይሆን በተግባር ያደረጉ ሰዎች ነበሩ አይደል? የከተማ ሥራቸውን፣ ደመወዛቸውን፣ ቢሯቸውን ጥለው እውነትም ደሴት የገቡ? ገብተውስ ምን ሆኑ? ፈልጌ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕልሙ ከየት መጣ?

መጀመሪያ የገረመኝ ነገር፣ ይህ ሕልም የልደት ቀን ያለው መሆኑ ነው። በሚያዝያ 1768 ሉዊ አንቷን ደ ቡጋንቪል የተባለ ፈረንሳዊ መርከበኛ በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ታሂቲ ደረሰ። ሰዎቹ ወራት ሙሉ በባሕር ላይ የቆዩ፣ በበሽታና በረሃብ የተጎሳቆሉ ነበሩ። እንዲህ ላለ ሰው ምንጭ ውኃ፣ ሙዝና የተጠበሰ ዓሣ ገነት ካልመሰለው ምን ሊመስለው ነው? ቡጋንቪል ደሴቲቱን «አዲሲቱ ኪቴራ» አላት፤ በግሪኮች ተረት ከፍቅር አምላክ ጋር በተያያዘችው ደሴት ስም መሆኑ ነው። በ1771 የጉዞ መጽሐፉ ሲታተም ፓሪስ አበደች። ሥራ የሌለበት፣ ገንዘብ የማይታወቅበት፣ ሰው ሁሉ የሚዋደድበት አገር ተገኘ ተባለ።

ቡጋንቪል እዚያ የቆየው ስንት ጊዜ ነው? አሥር ቀን እንኳ አይሞላም! የድግስ ቀን መጥቶ በልቶ ጠጥቶ ሄዶ፣ ስለዚያ ቤት የዘወትር ኑሮ እንደሚመሰክር እንግዳ ማለት ነው። ሌላም ያላየው ነገር ነበር። ከእሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1767፣ ሳሙኤል ዋሊስ የተባለ እንግሊዛዊ እዚያው ደሴት ደርሶ በነዋሪዎቹ ላይ መድፍ ተኩሶ ነበር። ፈረንሳዮቹን የተቀበላቸው ፈገግታ ውስጥ መድፉን ያየ ሰው ጥንቃቄም እንደነበረበት ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። የእኛ የኮምፒውተር ስክሪን ፎቶ እንግዲህ የዘር ግንዱ እዚህ ጋ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን አሁቶሩ ነው። አሁቶሩ የታሂቲ ሰው ነው፤ ከቡጋንቪል ጋር መርከብ ተሳፍሮ ፓሪስ ሄደ። ፓሪሶች ስለ እሱ ደሴት ሲያልሙ እሱ የእነሱን ከተማ ወደደ፤ ከሁሉም ኦፔራ በጣም ይወድ ነበር ይባላል። ወደ አገሩ ሲመለስ ግን በመንገድ በፈንጣጣ ታሞ በ1771 ሞተ። የሕልሙ መጽሐፍ በታተመበት ዓመት!

ደላላው

አሁን ወደ ዋናው ሰውዬ እንምጣ። ፖል ጎጋንን በሠዓሊነቱ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ ታሂቲያዊ ሴቶችን በቢጫና በቀይ ቀለም የሣለው ነው። ሠዓሊ ከመሆኑ በፊት ደላላ እንደነበረ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የቤት ደላላ አይደለም፤ በፓሪስ የአክሲዮን ገበያ ነበር የሚሠራው። አሥር ዓመት ገደማ ሠርቷል። በ1879 ወደ 30,000 ፍራንክ ገደማ አገኘ ይባላል፤ በዚያ ዘመን ይህ የሀብታም ገቢ ነው። ሜተ ጋድ የተባለች ዴንማርካዊት አግብቶ አምስት ልጆች ወልዷል። ሥዕል የእሑድ ጨዋታው ነበር።

በጥር 1882 የፓሪስ አክሲዮን ገበያ ወደቀ። በዓመቱ ጎጋን ከሥራው ወጣና «ከእንግዲህ ሠዓሊ ነኝ» አለ። ልብ በሉ፤ ወይ ተባሮ ወይ ጥሎ ነው የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ይሁንና ገበያው ባይወድቅ ኖሮ ሕልሙ እሑድ እሑድ ብቻ ይቀጥል እንደነበር መገመት ይቻላል። ገንዘቡ አለቀ። ቤተሰቡ ወደ ሚስቱ አገር ወደ ኮፐንሃገን ሄደ፤ እዚያ ጎጋን ለድንኳንና ለጭነት መሸፈኛ የሚሆን ሸራ ሻጭ ሆነ። ሸራ ላይ መሣል የፈለገ ሰው ሸራ ሲሸጥ! ያውም ዴንማርክኛ ሳይችል። አልተሳካለትም። በ1885 ሚስቱንና አብዛኞቹን ልጆቹን ትቶ ወደ ፓሪስ ተመለሰ።

የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረገው በ1887 ነው። ፓናማ ሄደ። ገንዘብ ስላልነበረው የፓናማ ቦይ ቁፋሮ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆነ፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ሠርቶ ተባረረ። ከዚያ ማርቲኒክ ደሴት ገባ፤ በወባና በተቅማጥ ታሞ ተመለሰ። እዚህ ላይ እኔ ብሆን ይበቃኝ ነበር። እሱ ግን በ1889 የፓሪሱን ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተመለከተ፤ የቅኝ ግዛት መንደሮች ተሠርተው፣ ከየአገሩ የመጡ ሰዎች በትርዒት መልክ የሚታዩበት ነበር። በዚያ ላይ ፈረንሳዮችን ለማስፈር የተጻፉ የመንግሥት መጽሔቶችንና የታሂቲ ፍቅር ልብ ወለድ አነበበ። በየካቲት 1891 ሥዕሎቹን በጨረታ ሸጦ ወደ 10,000 ፍራንክ የሚጠጋ ገንዘብ አገኘ፤ ኮፐንሃገን ሄዶ ሚስትና ልጆቹን ለመጨረሻ ጊዜ ተሰናበተ፤ ሚያዝያ 1 መርከብ ላይ ወጣ።

ሰኔ 9 ቀን 1891 ፓፔቴ ወደብ ሲወርድ ምን አገኘ? ቅኝ ግዛት። ታሂቲ በ1880 በይፋ የፈረንሳይ ሆናለች። ገዢ አለ፣ ፖሊስ አለ፣ ሚሲዮናዊ አለ፣ ቆርቆሮ ጣራ አለ፣ ደንብና ቀረጥ አለ። የመጨረሻው ንጉሥ ፖማሬ 5ኛ ጎጋን በደረሰ በቀናት ውስጥ ሞተ። በወረርሽኝ የተነሳ ሕዝቡ ቡጋንቪል ካየው እጅግ አንሶ ነበር። ጎጋን ፀጉሩን አስረዝሞ ነበርና የአገሩ ሰዎች አይተው ሳቁበት፤ ቶሎ ተቆረጠው።

ከከተማው ሸሽቶ አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ማታይኤያ የሚባል መንደር ገባ። የምግብ ነገር ደግሞ አለ። ባሕሩ ዓሣ፣ ጫካው ፍሬ የሞላበት አገር ላይ ጎጋን ዓሣ ማጥመድ አይችልም፤ ተራራ ወጥቶ ፍሬ ማምጣትም አይችልም። ስለዚህ የሚበላው ምን ነበር? ከቻይናዊ ነጋዴ ሱቅ የተገዛ፣ ከሩቅ አገር በመርከብ የመጣ፣ በቆርቆሮ የታሸገ ምግብ። ያውም በውድ ዋጋ። ጎረቤቶቹ አዝነው ምግብ ይልኩለት እንደነበር ራሱ ጽፏል። ከተማውን በቆርቆሮ አሽጎ እየበላው ነበር ማለት ይቻላል።

በ1893 ገንዘቡን ጨርሶ፣ መንግሥት እንደ ችግረኛ አሳፍሮት ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። በ1895 እንደገና ታሂቲ ሄደ፤ አልተመለሰም።

በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት ግን በ1898 የሆነውን ነው። እዳ በዛበት፤ እግሩ ቆሰለ፤ ሥዕል የሚገዛው ጠፋ። ስለዚህ ጎጋን ሥራ ፈልጎ ተቀጠረ። የት መሰላችሁ? ፓፔቴ፣ የመንግሥት የግንባታ ሥራዎች መሥሪያ ቤት። ወንበር ላይ ተቀምጦ ፕላን እየገለበጠ፣ በቀን 6 ፍራንክ እየተከፈለው! ከፓሪስ ቢሮ የሸሸ ሰው፣ ግማሽ ዓለም አቋርጦ፣ ከድሮው ደመወዙ በጣም ባነሰ ክፍያ ሌላ ቢሮ ገባ። ከ1900 ጀምሮ በመጠኑ የተነፈሰው አምብሯዝ ቮላር የተባለ የፓሪስ የሥዕል ነጋዴ በወር 300 ፍራንክ ሊልክለት ስለተስማማ ነው። ማለትም ደሴት ላይ ያኖረው ያ የናቀው ከተማ ነው። በ1901 ደግሞ ይበልጥ ርቆ ወደ ማርኬሳስ ደሴቶች ሄደ፤ ከፖሊሱ ጋር ተጣላ፤ በስም ማጥፋት ተከሶ የሦስት ወር እስራት ተፈረደበት፤ እስሩን ሳይጀምር ግንቦት 8 ቀን 1903 ሞተ። ዛሬ ከሥዕሎቹ አንዱ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል።

«ታዲያ ሥዕሎቹስ? ባይሄድ ይሣላቸው ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። ምናልባት አይሣላቸውም። ሒሳቡን ሙሉ ለሙሉ ካነበብን ግን ሌሎች ስሞችም አሉበት። ሜተ አለች፤ ፈረንሳይኛ እያስተማረችና እየተረጎመች አምስት ልጅ ያሳደገች። ቴሃአማና አለች፤ በብዙ ሥዕሎቹ ላይ ያለችው፣ «ሚስቴ» ብሎ ሲወስዳት አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ የነበረች። እሱ የአርባዎቹ ሰው ነበር። ትቷት ወደ ፈረንሳይ ሄደ፤ ሲመለስ ሌላ አግብታ ጠበቀችው። (እደጊ!) በ2019 የለንደኑ ናሽናል ጋለሪ የጎጋንን ሥዕሎች ሲያሳይ፣ ይህን ሰው ማየት ማቆም አለብን ወይ የሚለውን ጥያቄ በግልጽ ለተመልካች አቅርቦ ነበር። እኔ ሥዕሎቹን አይቻለሁ፤ ወደፊትም አያለሁ። ስለ ነፃነቱ ሲወራ ግን ነፃነቱን የከፈለችለትን ልጅ አብሬ አስባለሁ።

ሐኪሙ

ሁለተኛው ታሪክ ጀርመናዊ ነው። በ1929 ፍሪድሪኽ ሪተር የተባለ የበርሊን ሐኪም ሚስቱን ትቶ፣ ታካሚው የነበረችው ዶሬ ሽትራውኽ ደግሞ ባሏን ትታ፣ ሁለቱ ተያይዘው በኢኳዶር ሥር ባሉት የጋላፓጎስ ደሴቶች ፍሎሪያና የምትባለው ላይ ሰፈሩ። ያኔ ሌላ ነዋሪ አልነበረባትም። ሪተር የኒቼ ፍልስፍና የጠለቀበት፣ ሥልጣኔ ሰውን ያበላሻል የሚል፣ ሥጋ አይበላም የተባለ ሰው ነበር። ዝግጅቱ ሳይቀር የሚገርም ነው። ደሴቱ ላይ የጥርስ ሐኪም እንደማይኖር አስቦ ጥርሶቹን አስቀድሞ አስነቀለና ከብረት የተሠራ ጥርስ ይዞ ሄደ! እንዲህ አርቆ የሚያስብ ሰው ዶሬ ነርቭ የሚያደክም በሽታ እንዳለባት፣ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ውኃና እንጨት መሸከም ምን እንደሚያደርጋት ግን ብዙም አላሰበበትም።

እዚህ ጋ የእኔ ሙያ ሰዎች ይገባሉ። የሚያልፉ ባለጸጎች መርከባቸውን አቁመው ጎበኟቸው፤ መሣሪያና ምግብ ትተውላቸው ሄዱ፤ ሲመለሱም ለጋዜጣ አወሩ። ሪተር ራሱም ጽሑፍ ይልክ ነበር። «የዘመናችን አዳምና ሔዋን» ዓለም አቀፍ ወሬ ሆኑ። ከሰው የሸሸው ሰው ለሰው ይጽፋል! ወሬው ያመጣው ደግሞ ሌላ ሰው ነው።

በ1932 ሁለት ቡድን መጣ። የመጀመሪያዎቹ ሃይንዝና ማርግሬት ቪትመር ናቸው። ሃይንዝ የኮሎኝ ከተማ ከንቲባ የነበረው የኮንራድ አደናወር (በኋላ የምዕራብ ጀርመን መራሔ መንግሥት) ጸሐፊ ነበር። እሱም የቢሮ ሰው መሆኑ ነው። የመጡት ግን ለፍልስፍና አይደለም፤ የሃይንዝ ልጅ በሽተኛ ነበርና ለጤናው ብለው ነው። ማርግሬት ነፍሰ ጡር ነበረች። ዋሻ ውስጥ ሰፈሩ፤ በጥር 1933 እዚያው ዋሻ ውስጥ ወንድ ልጅ ወለደች።

ሁለተኛዋ ራሷን «ባሮኒስ» የምትል ሴት ነች፤ ሁለት ወንዶች አስከትላ መጣች። ፍላጎቷ ለአሜሪካ ሚሊየነሮች ሆቴል መክፈት ነበር፤ ስሙንም ገነት ብላ አወጣችለት። ያ ሆቴል አልተሠራም። ከዚያ በኋላ የሆነው እንደ ማንኛውም የኮንዶሚኒየም ግቢ ነው፤ ደብዳቤሽን ከፈትሽ፣ ከመርከብ የመጣውን እቃ ወሰድሽ፣ ውኃዬን ነካሽ። በመጋቢት 1934 ባሮኒሷና ከወንዶቹ አንዱ ድራሻቸው ጠፋ፤ እስከ ዛሬ አልተገኙም። ሌላኛው ወንድ ከደሴቱ ለመሸሽ ጀልባ ተሳፈረ፤ ሬሳው ሌላ ውኃ የሌለው ደሴት ላይ ደርቆ ተገኘ። በኅዳር 1934 ሐኪሙ ሪተር ሞተ፤ ሥጋ አይበላም የተባለው ሰው በተበላሸ ዶሮ ሥጋ ተመርዞ!

ዶሬ ወደ በርሊን ተመልሳ መጽሐፍ ጻፈች፤ ማርግሬትም በኋላ የራሷን ጻፈች። ሁለቱ መጽሐፎች ሪተር እንዴት እንደሞተ እንኳ አይስማሙም፤ በአንዷ መጽሐፍ በፍቅር ተሰናብቶ ነው፣ በሌላዋ መጽሐፍ ዶሬን እየረገመ ነው። የዓይን ምስክር ሁለት ብቻ ሲሆን ጋዜጠኛ ምን ያደርጋል? በ2024 ሮን ሃዋርድ «ኤደን» ብሎ ፊልም ሠራበት፤ እውነቱ ግን አሁንም ከባሮኒሷ ጋር እንደጠፋ ነው።

የቀረው ማን ነው? ማርግሬት። ባሏም ከሞተ በኋላ እዚያው ኖራ፣ በ2000 በዘጠና አምስት ዓመቷ ሞተች። ቤተሰቧ እንግዳ ማረፊያ ከፈተ። ባሮኒሷ ያለመችውን ሆቴል፣ ዋሻ ውስጥ የወለደችው ሴት ሠራችው።

ሒሳቡ ሲዘጋ

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው አንድ ነገር ጎልቶ ታየኝ። ገነት ፍለጋ የሄደው ሁሉ ከተማውን ይዞ ነው የሄደው፤ ጎጋን ቆርቆሮ ምግቡንና የቮላርን 300 ፍራንክ፣ ሪተር ጋዜጣውን፣ ባሮኒሷ ሆቴሏን። የቀረችው ሴት ግን ገነት ፍለጋ አልሄደችም። ልትቆፍር፣ ልትዘራ፣ ልጅ ልታሳድግ ነው የሄደችው። ደሴቱ ከኮሎኝ የበለጠ ሥራ እንደሚፈልግ ገብቷት ነበር።

እኛ አገር ይህን የሚለይ ቃል አለን። ዓለምን ጥሎ መሄድ «ምናኔ» ይባላል። መናኝ ግን ድሎት ፍለጋ አይወጣም፤ የሚሄድበት ቦታ ከተወው የባሰ ችግር እንዳለበት አውቆ ነው የሚወጣው፤ የሚፈልገው ነገር በዚያ ችግር ውስጥ ስላለ ነው። ጎጋንና ሪተር የመናኙን መንገድ ፈለጉ፤ የመናኙን ዋጋ ግን ሌላ ሰው ነው የከፈለላቸው። ሜተ፣ ቴሃአማና፣ ዶሬ።

ይህን ሁሉ ለባንኳ ጓደኛዬ ነገርኳት። ጊዜው ሒሳብ መዝጊያ ነበር፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ አልሂድ ነው የምትዪኝ?» አለችኝ።

አላልኳትም። ዛንዚባር ላይ በጀርባዋ ኮኮናት ተሸክማ የምትሸጥ ሴት አለች፤ እሷም አለቃ አላት፤ እሷም ወር መጨረሻ አለባት። እሷ የምትሠራውን ሥራ ለመሥራት ከሆነ መልካም መንገድ። ከዚያ ግን አንድ ነገር ጠየቅኳት። «አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ ደሴት ላይ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

አሰበች። «ምንም» አለች። «ጫማዬን አውልቄ በረንዳ ላይ ሻይ እጠጣለሁ። ከእናቴ ጋር አወራለሁ።»

እናቷ ገርጂ ነው ያሉት። በረንዳም አላቸው። ከቢሮዋ በታክሲ ሠላሳ ደቂቃ ቢሆን ነው። የወሰዱባት ደሴት ሳይሆን ምሽቷን ነው፤ ምሽትን ለማስመለስ ደግሞ መርከብ አያስፈልግም፤ «ሰዓቴ ደርሷል» ማለት ያስፈልጋል። ለአለቃ ይህን ማለት ከውቅያኖስ ማቋረጥ ይልቅ እንደሚከብድ አውቃለሁ። እኔም እስካሁን አላልኩም።

«በይ ቻው፤ ሒሳቡ አልገጠመልኝም» ብላ ስልኩን ዘጋችው።